ግዙፍ ኤሊ ስታዩ የየት ደሴት እንደሆነ እንዴት ትለያላችሁ?

መካነ እንስሳት ውስጥም ሆነ ፎቶ ላይ ግዙፍ ኤሊ ስታዩ መጠኑን ተዉት፤ ሁሉም ትልቅ ነው። ዓይናችሁን አንገቱ ላይ አድርጉ። አንገቱ የሚወጣበት የቅርፊቱ ጠርዝ ላይ፣ ልክ ከማጅራቱ በላይ፣ መሃል ላይ ጠበብ ያለች ትንሽ ቁራጭ ተሰክታ ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ የሲሼልሱ የአልዳብራ ኤሊ ነው። ቁራጯ ከሌለችና የግራና የቀኙ ቁራጮች እርስ በርስ ከገጠሙ የኢኳዶሩ የጋላፓጎስ ደሴቶች ኤሊ ነው። ሁለቱ ቢመሳሰሉም የቅርብ ዘመድ አይደሉም። የጋላፓጎሱ የቅርብ ዘመድ ደቡብ አሜሪካ ያለው የቻኮ ኤሊ ነው፣ እሱ ደግሞ ትንሽዬ ነው።

ጋላፓጎስ ከሆነ ወደ ቅርፊቱ እለፉ። ፊት ለፊቱ እንደ ኮርቻ ሽቅብ የተነሳ፣ አንገቱም መለል ያለ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከደረቅና ዝቅ ካለ ደሴት የመጣ ነው፤ እዚያ ሣር ስለሚያጥር ተንጠራርቶ ቁልቋል ይበላል። እንደ ጉልላት የከበበው የእርጥቡ ደጋ ነው፣ ሣር እየጋጠ ይውላል።

ግን በቅርጽ ብቻ እንዳትፈርዱ! ከጋላፓጎስ ደሴቶች አንዷ በሆነችው ሳንታ ክሩዝ ላይ የምሥራቁም የምዕራቡም ኤሊ ጉልላት ነው፣ ለብዙ ዘመንም አንድ ዝርያ ሲባሉ ኖረዋል። ዲኤንኤያቸው ሲታይ ለየቅል ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2015 የምሥራቁ ዶንፋውስቶይ ተባለ፣ ዕድሜውን ኤሊ ሲንከባከብ በኖረው ጠባቂ በዶን ፋውስቶ ስም። እንዲህ ያለ ስም ደስ ይለኛል፣ ለፍቶ አዳሪን ያስታውሳል።

የፈርናንዳ ነገር ደግሞ ይብሳል። የሌላዋ የጋላፓጎስ ደሴት የፈርናንዲና ኤሊ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1906 በተገኘ አንድ ወንድ ብቻ ነበር፤ ጠፍቷል ተብሎ ሲታሰብ እ.ኤ.አ. በ2019 ፈርናንዳ የተባለችው ሴት ኤሊ ተገኘች። እድገቷ ቀጭጮ ስለነበር ቅርፊቷ የኮርቻውን ቅርጽ አልያዘም፣ ዓይቶ መለየት አልተቻለም። ሙዚየም ውስጥ ካለው ከ1906ቱ ወንድ ኤሊ ጋር ዘረመሏ ሲነጻጸር ነው የዚያው ወገን መሆኗ የታወቀው።

ስሙን ስትጽፉ ሌላ ጣጣ አለ። አንዳንዶቹ ሳይንቲስቶች የጋላፓጎስ ኤሊዎችን እያንዳንዳቸውን ራሱን የቻለ ዝርያ ይሏቸዋል፤ ሌሎቹ ደግሞ ሁሉንም ኒጀር በሚባል አንድ ዝርያ ሥር ንዑስ ዝርያ አድርገው ይመድቧቸዋል። ስለዚህ ከሳይንሳዊ ስሙ ጎን ሁልጊዜ ደሴቱን ጻፉ። ኢሳቤላ የምትባለው ደሴት ከሆነች ደሴቱም አይበቃም፣ ከእሳተ ገሞራዎቿ አምስቱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ኤሊ ስላላቸው የተራራውን ስም ጨምሩ። መካነ እንስሳቱ የለጠፈው ጽሑፍ «የጋላፓጎስ ኤሊ» ብቻ የሚል ከሆነ ጠባቂውን ጠይቁት፤ ዲቃላም ሊሆን ይችላል።