የባሕርይ መጠይቅ አንባቢን ሲያደናግር፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ፦ አንድ ሰው «ዝምተኛ ነኝ» ለሚለውም «ወሬ አበዛለሁ» ለሚለውም «እስማማለሁ» ይላል፤ አልፋው (ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚለካው ቁጥር) ይወርዳል። የተገላቢጦሽ ጥያቄዎቹን፣ ማለትም የሚለካውን ባሕርይ ተቃራኒ የሚናገሩትን፣ ነጥባቸውን መገልበጣችሁን (በባለ 5 ደረጃ፣ 6 ሲቀነስ መልሱ) አረጋግጣችኋል ብዬ ልለፍ።

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ «አል-» ናት። «ሰው ፊት መናገር አልወድም» ከሚለው አጠገብ «አልስማማም» ሲቀመጥ፣ መናገር የሚወደው ሰው አለመውደዱን መቃወም አለበት። በቃል ሲጠየቅ ደግሞ ይብሳል። «መናገር አትወድም?» ሲባል አንዱ «አዎ» ብሎ አልወድም ማለቱ ነው፤ ሌላው «አዎ፣ እወዳለሁ» ለማለት ነው። መረጃ ሰብሳቢው ሁለቱንም «እስማማለሁ» ላይ ያከብባል። እዚያ ላይ የተበላሸውን ኮምፒውተር አያድነውም።

መፍትሄው ተቃራኒውን በአዎንታ መጻፍ ነው፦ «ሰው ሲበዛ ዝም እላለሁ»። «ሥራዬን በጊዜው አልጨርስም» የሚለውም «ሥራዬን ለነገ አሳድራለሁ» ይሁን። አሉታው ከዓረፍተ ነገሩ ወጣ እንጂ ነጥቡ አሁንም ይገለበጣል፤ ይህን የሚረሳ ሞልቷል። «አል-»ን በደማቅ መጻፍ መፍትሄ አይደለም። የተገላቢጦሾቹን ጠራርጎ ማውጣትም አይሆንም፤ ለሁሉም «እስማማለሁ» የሚለውን በምን ትይዙታላችሁ?

አምስቱን ዋና ዋና የባሕርይ ዘርፎች በሚለካው ባለ 44 ጥያቄ የቢግ ፋይቭ መጠይቅ ደግሞ መግቢያው ያስቸግራል። እንግሊዝኛው «ራሴን የማየው እንደዚህ ያለ ሰው አድርጌ ነው» የሚለውን አንዴ ከላይ ጽፎ ይገላገላል። የእኛ ግስ መጨረሻ ስለሚመጣ «ራሴን የማየው ወሬ እንደሚያበዛ ሰው አድርጌ ነው» እያልን 44 ጊዜ እንጎትታለን። «ወሬ አበዛለሁ» ይበቃል። በ«እኔ» ሲጻፍ «ትወዳለህ/ትወጃለሽ» የሚባለው ዝባዝንኬም ይቀራል። ፈቃድ የሚጠይቅ መጠይቅ ከሆነ ግን ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ አትነካኩ፤ የአይፒአይፒ (IPIP፣ ዓለም አቀፍ የባሕርይ ጥያቄዎች ስብስብ) ጥያቄዎች ግን ለሁሉም ክፍት ናቸው።

ከዚያው ከአይፒአይፒ «የድግሱ ሕይወት ነኝ» ተብሎ የተተረጎመ ካጋጠማችሁ ጣሉት፤ አንባቢው ደጋሹ ማን እንደሆነ ያስባል። «ጨዋታ አደምቃለሁ» በሉ። አማርኛውን መልሶ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም ይህን አያጋልጥም፤ ጎበዝ ተርጓሚ ከተሰበረ አማርኛም ያማረ እንግሊዝኛ ያወጣል። ይልቅ ለ5 ወይም ለ6 ሰው አንብቡና «በራስህ አባባል ንገረኝ»፣ «በራስሽ አባባል ንገሪኝ» በሉ።

«ትጉህና ሥርዓታማ ነኝ» የሚለው ሁለት ነገር በአንዴ ይጠይቃል፦ ለሁለት ክፈሉት።

በስልክ የሚሞላ ከሆነ አምስቱን ምርጫዎች ወደ ታች ደርድሩ፤ ወደ ጎን ሲሆኑ የመጨረሻው «በጣም እስማማለሁ» ከስክሪኑ ውጭ ይቀራል።