ቴፕ ድራይቭ ስትገጥሙና ስትይዙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥር ሲገባ ጎንደር ውስጥ ካሜራ እረፍት የለውም። ታቦት ሲወጣ ይቀረጻል፣ በፋሲል መዋኛ ይታደራል፣ ጥምቀት አልፎ ሳይውል ሳያድር ሠርጉ ይከተላል። ከፒያሳ እስከ ማራኪ ያሉ ስቱዲዮዎች በዚያ አንድ ወር የሚሰበስቡት ቪዲዮ በቴራባይት ነው የሚቆጠረው። አብዛኛው የሚቀመጠው ደግሞ ጠረጴዛ ላይ በተደረደሩ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስኮች ነው። አንዱ ከጠረጴዛ ሲወድቅ የአንድ ቤተሰብ ሠርግ አብሮ ይሄዳል።

ለዚህ ነው ቴፕን የምወደው። ዳታው የሚጻፈው ካሴት ውስጥ ባለ የማግኔት ሪባን ላይ ነው፤ ካሴቱ ላይ የሚጽፈውና የሚያነበው መሣሪያ ቴፕ ድራይቭ ይባላል። ኤልቲኦ የሚባለው የቴፕ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2000 ነው የወጣው፤ አዳዲስ ትውልዶቹ አሁንም ይመጣሉ። በደንብ የተቀመጠ ካሴት እስከ 30 ዓመት እንዲቆይ ታስቦ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በጉግል የሶፍትዌር ስህተት የአንዳንድ የጂሜይል ተጠቃሚዎች መልእክት ሲጠፋ፣ ሌሎቹ ኮፒዎችም አብረው ስለተነኩ የተመለሰው ከቴፕ ነው።

አሁን ያገለገለ ኤልቲኦ-5 ወይም ኤልቲኦ-6 ድራይቭ (ቁጥሩ ትውልዱን ነው የሚያሳየው) ገዝተው ኮምፒውተራቸው ውስጥ የሚያስገጥሙ ስቱዲዮዎችና ቢሮዎች አሉ። ጥሩ ነገር ነው። ግን "ቴፑ ተበላሸ" ተብዬ ስጠራ የማገኘው ችግር አብዛኛውን ጊዜ ከድራይቩ አይደለም፤ ከአገጣጠምና ከአያያዝ ነው።

ኬብሉ ይገባል ብሎ መግዛት

አንድ የስቱዲዮ ባለቤት ድራይቩን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው መጡ።

"ልጄ፣ ይችን ዛሬውኑ ግጠምልኝ።"

"እሺ ጋሼ። ካርዱስ?"

"የምን ካርድ?"

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባ ኤልቲኦ ድራይቭ ጀርባው ላይ ያለው ሶኬት ሳስ ይባላል። ከሩቅ ስታዩት የተለመደውን የሀርድ ዲስክ ሳታ ሶኬት ይመስላል። ቀረብ ብላችሁ እዩት። ሳታው በዳታውና በፓወሩ መሀል ክፍተት አለው፤ ሳሱ ግን ያ ክፍተት በፕላስቲክ የተሞላ ነው። ፕላስቲኩ የተቀመጠው የሳታ ኬብል እንዳይገባ ሆን ተብሎ ነው። በምላጭ ልጠው የሚያስገቡ አሉ፤ ርካሽ አዳፕተር የሚገዙም አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። ሶኬቱ ቢገባም ድራይቩ አይታይም፤ የማዘርቦርዱ ሳታ የሳስን ቋንቋ አያውቅም። የሳታ ሀርድ ዲስክ በሳስ ካርድ ላይ ይሠራል፣ የሳስ ድራይቭ ግን በሳታ ላይ አይሠራም።

የሚያስፈልገው ኤችቢኤ የሚባል የሳስ ካርድ ነው። ብዙ ሀርድ ዲስኮችን አንድ ላይ አቀናጅቶ የሚያሠራው ሬይድ ካርድ አይደለም። ብዙ ሬይድ ካርዶች ሀርድ ዲስክን ብቻ ነው የሚያስተናግዱት፤ ቴፕ ድራይቩን ለዊንዶውስ ወይም ለሊኑክስ አያሳልፉም። ካርዱ ረዘም ያለ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ማስገቢያ ይፈልጋል። የግራፊክስ ካርድ የሚገባበት ክፍት ከሆነ እዚያም ይሠራል። ኬብሉን ስትገዙ ሁለቱንም ጫፍ አረጋግጡ፤ በካርዱ በኩል ያለው ሶኬት እንደ ካርዱ ዕድሜ ይለያያል።

ኬዙንም እዩት። ድራይቩ የሚገባው ድሮ ዲቪዲ ይገባበት በነበረው ሰፊ ቦታ ነው። ጎናቸው መስታወት የሆነ አዳዲስ ኬዞች ብዙዎቹ ይህ ቦታ የላቸውም። ቀጭኑ ድራይቭ አንድ ቦታ ይበቃዋል፤ ወፍራሙ ሁለት ይፈልጋል። ጋሼም ያን ቀን ድራይቩን ይዘው ነው የተመለሱት፤ ካርዱና ኬብሉ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረባቸው።

የካሴቱን ቁጥር አለማየት

ኤልቲኦ-5 ድራይቭ በኤልቲኦ-5 እና በኤልቲኦ-4 ካሴት ላይ ይጽፋል፤ ኤልቲኦ-3ን ያነባል። ኤልቲኦ-6ም እንዲሁ አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ይጽፋል፣ ሁለት ወደ ኋላ ያነባል። ይህ እስከ ኤልቲኦ-7 ድረስ ይሠራል። ኤልቲኦ-8 ላይ ሲደርስ ግን ተቀየረ፤ ኤልቲኦ-6 ካሴትን ጨርሶ አያነብም። "ወደፊት ትልቁን እገዛለሁ፣ የድሮውን በሱ አነባለሁ" ብላችሁ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን ልብ በሉ።

ሌላው ካርቶኑ ላይ ያለው ትልቅ ቁጥር ነው። ኤልቲኦ-6 ካሴት ላይ 6.25 ቴራባይት ተብሎ ታያላችሁ። ይህ ዳታው 2.5 እጥፍ ይታመቃል ተብሎ የተሰላ ነው። ቪዲዮና ፎቶ ቀድሞውኑ የታመቁ ናቸው፤ ከዚህ በላይ አይታመቁም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ስቱዲዮ ያላችሁ ኤልቲኦ-6ን 2.5 ቴራባይት፣ ኤልቲኦ-5ን 1.5 ቴራባይት ብላችሁ ቁጠሩ።

ሙቀቱን መናቅ

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው ያለችው። አየሩ ስለሚሳሳ አንድ ፋን በተመሳሳይ ዙር የሚያወጣው ሙቀት ቆላ ላይ ከሚያወጣው ያንሳል። ቴፕ ድራይቭ ደግሞ ሲጽፍ ይሞቃል፤ ሪባኑም ሙቀት አይወድም። ከፊት አየር የሚስብ፣ ከኋላ የሚያስወጣ ፋን ይኑራችሁ። ድራይቩን ከሌላ ከሚሞቅ ነገር ጋር አታጣብቁት። የኬዙን ጎን ከፍቶ መሥራት መፍትሔ አይደለም። የአየሩ መንገድ ይበላሻል፣ አቧራውም በነፃ ይገባል።

ብሎኑ ከድራይቩ ጋር የሚመጣው አጭሩ ይሁን፤ ረጅም ብሎን ውስጡን ሊነካ ይችላል። ከመንካታችሁ በፊት ፓወሩን ንቀሉ። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ሰውነታችሁ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ካርዱን ሊያቃጥል ይችላል፤ መጀመሪያ የኬዙን ብረት ንኩ።

መብራት አይጠፋም ብሎ መጀመር

ኤልቲኦ-6 ድራይቭ በሰከንድ 160 ሜጋባይት ይጽፋል። አንድ ካሴት ሙሉ ለመጻፍ በዚህ ፍጥነት ከ4 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ጎንደር ውስጥ 4 ሰዓት ሙሉ መብራት አይጠፋም ብሎ ሥራ መጀመር ከባድ ነው። ትንሽ ዩፒኤስም፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ባትሪ፣ ደቂቃዎች እንጂ ሰዓታት አያቆይም።

ዩፒኤስ የግድ ይኑር፤ ጥቅሙ ግን ጄኔሬተር እስኪነሳ ወይም ሥራውን በሥርዓት እስክትዘጉ ጊዜ መስጠት ነው። ከዚያ በላይ የሚረዳው ሥራውን መከፋፈል ነው። አንድ ሠርግ 300 ጊጋባይት ቢሆን ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው። እሱን ጽፋችሁ ዝጉ፤ ከዚያ ቀጣዩን። በተለይ ኤልቲኤፍኤስ የምትጠቀሙ፣ ማለትም ካሴቱ እንደ ፎልደር የሚከፈትላችሁ፣ ተጠንቀቁ። የፋይሎቹ ዝርዝር ካሴቱ ላይ ተሟልቶ የሚጻፈው በሥርዓት ስታላቅቁት ነው። መሀል ላይ መብራት ከሄደ ፋይሉ ሪባኑ ላይ ኖሮ ዝርዝሩ ላይ ላይኖር ይችላል። የጥገና ፕሮግራም አለው፤ ግን ጊዜ ይበላል፣ ልብም ያንጠለጥላል።

መብራቱ ሲመለስ ካሴቱን ድራይቩ ውስጥ ተቀርቅሮ ታገኙታላችሁ። በፒንሳ አትሳቡት! ድራይቩ ሲበራ ሪባኑን ራሱ ይጠቀልላል። ደቂቃዎች ሊወስድበት ስለሚችል ታገሱት።

ድራይቩን በዝግታ መመገብ

ይህን የምታውቁት በጆሯችሁ ነው። ድራይቩ በደህና ሲሠራ የማይቋረጥ ለስላሳ ድምፅ ያሰማል። ዳታው ሲዘገይበት ግን ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ይነሳል። ሪባኑ እንደ ሊስትሮ ብሩሽ ወዲያና ወዲህ ይላል። ይህ ሪባኑንም፣ ሪባኑ ላይ የሚጽፈውንና የሚያነበውን የድራይቩን ክፍል፣ ማለትም ሄዱንም ይበላል፤ ሥራውም አያልቅም።

ምክንያቱ ሁሌም ለማለት ይቻላል ምንጩ ነው። አሮጌ ዩኤስቢ 2 ኤክስተርናል በሰከንድ ከ40 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም። በ100 ሜጋቢት ኔትወርክ ከሌላ ኮምፒውተር ብትስቡ ደግሞ 12 ሜጋባይት ገደማ ነው። ድራይቩ ፍጥነቱን በመጠኑ ዝቅ ማድረግ ይችላል፤ እዚያ ድረስ ግን አይወርድም። መፍትሔው ቀላል ነው። መጀመሪያ ሁሉንም በኮምፒውተሩ ውስጥ ባለ ፈጣን ዲስክ ላይ ሰብስቡ። ኤስኤስዲ ከሆነ እሰየው። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ወደ ቴፕ ይሂድ። ብዙ ሺህ ትንንሽ ፎቶዎች ካሏችሁ አንድ ትልቅ ፋይል አድርጋችሁ ጠቅልሏቸው፤ ልዩነቱን ወዲያው ትሰሙታላችሁ።

ጽዳት ማብዛት

አቧራ ለምን እንደሚያስፈራ ለመረዳት አንድ ቁጥር ይበቃል። የኤልቲኦ-6 ሪባን ስፋቱ 12.65 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚያ ላይ ዳታ የሚጻፍባቸው 2,176 ቀጫጭን መስመሮች (ትራኮች) አሉ። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ከወለል አንሱት፣ ክፍሉ ሲጠረግ ድራይቩ አይሥራ፣ ካሴቱ ሁሌም በሳጥኑ ውስጥ ይቀመጥ።

ከዚህ ፍርሃት የተነሳ ግን በየሳምንቱ ማጽጃ ካሴት የሚያስገቡ ሰዎች አሉ። ማጽጃው ሄዱን የሚፈትግ ነው፤ ሲበዛ ያረጀዋል። ድራይቩ ራሱ ሲጠይቅ ብቻ አስገቡት፤ የማጽጃ መብራት ያበራል ወይም ትንሿ መስኮት ላይ ሲ የምትለዋ ፊደል ትታያለች። አንድ ማጽጃ እስከ 50 ጊዜ ያገለግላል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ላዩ ላይ ምልክት አድርጉ። አልኮልና ጥጥ ለድሮ ቴፕ ሪከርደር ነበር፤ እዚህ አይሠራም። በአየር መንፋትም አቧራውን ወደ ውስጥ መግፋት ነው።

ካሴቱን እንደ ፍላሽ መያዝ

የወደቀ ካሴት ከውጭ ደህና ቢመስልም ወደ ድራይቩ አታስገቡት። መጀመሪያ በሩን ገለጥ አድርጋችሁ የሪባኑ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ፒን ቦታዋ ላይ መሆኗን እዩ። ከቦታዋ የወጣች ፒን ድራይቩንም ይዛ ትሄዳለች። ስቲከር ከተዘጋጀለት ጎድጓዳ ቦታ ውጭ አትለጥፉ፤ ውስጥ ገብቶ ይላቀቃል። በማግኔት "ላጽዳው" የሚል ሐሳብ ካለ ይቅር። ፋብሪካ ላይ የተጻፈው የመምሪያ መስመር አብሮ ይጠፋል፣ ካሴቱም ዳግመኛ አይጻፍበትም።

ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫ የሚመከረው ከ16 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ እርጥበቱ ከ20 እስከ 50 በመቶ። በሙቀቱ በኩል ጎንደር የተመቸች ናት። የሚያስቸግረው ክረምቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚረጥብ ግድግዳ ሥር አታስቀምጡት፤ ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ሳጥን ከእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጋር በቂ ነው። ከመተማ ሙቀት የመጣ ካሴት ካለ ደግሞ ክፍሉን እስኪለምድ 24 ሰዓት አቆዩት።

ኤልቲኤፍኤስ ላይ ፋይል ብትሰርዙ ቦታው አይመለስም። ቪዲዮውን ካሴቱ ላይ እያለ ለመቁረጥም አትሞክሩ።

ሳያውቁ በላዩ ላይ መጻፍ

ሊኑክስ የምትጠቀሙ፣ ድራይቩ ሁለት ስም አለው። ኤስቲ-0 በሚለው ከጻፋችሁ ሥራው ሲያልቅ ሪባኑ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ኤንኤስቲ-0 በሚለው ከጻፋችሁ ባለበት ይቆማል። በመጀመሪያው ስም የሰኞን ባክአፕ ጽፋችሁ በዚያው ስም የማክሰኞን ብትጽፉ፣ ሰኞ የለም። ምንም ማስጠንቀቂያ አይመጣም። ያለቀ ካሴት ላይ ያለችውን የመቆለፊያ ቁልፍ ወዲያው ግፏት። ዊንዶውስ ላይ ያላችሁ ደግሞ ከሲስተሙ ጋር የሚመጣው ባክአፕ ቴፕን መደገፍ ካቆመ ቆይቷል፤ የምትጠቀሙበትን ሶፍትዌር ድራይቩን ከመግዛታችሁ በፊት ወስኑ።

ጽፎ ሳያነቡ መቀመጥ

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ካሴቶቹ በቁጥር ተደርድረዋል፣ ስማቸው በቆንጆ እጅ ጽሑፍ ተጽፏል፣ ግን አንዱም ተመልሶ ተከፍቶ አያውቅም። ሙሽሮቹ ከሁለት ዓመት በኋላ ቪዲዮውን ሲጠይቁ ነው ባዶ መሆኑ የሚታወቀው። ጽፋችሁ እንደጨረሳችሁ ጥቂት ፋይሎችን፣ ከመጀመሪያውም ከመጨረሻውም፣ ወደ ሌላ ፎልደር መልሱና ክፈቷቸው። ቪዲዮው ይጫወት። በዓመት አንዴ ደግሞ ከአሮጌዎቹ አንዱን አውጡ።

ከተቻለ በሌላ ሰው ድራይቭም ይነበብ። ሄዱ ችግር ያለበት ድራይቭ የራሱን ጽሑፍ ያነብና በሌላ ላይ እምቢ የሚልበት ጊዜ አለ። ከተማው ውስጥ ተመሳሳይ ድራይቭ ያለው ማን እንደሆነ ከአሁኑ እወቁ፤ የናንተው የሞተ ቀን የምትሮጡት ወደ እሱ ነው። ዳታውን በይለፍ ቃል የምትቆልፉ ከሆነ ቁልፉ ከጠፋ ካሴቱም የለም ማለት ነው፤ በወረቀት ጽፋችሁ ሌላ ቦታ አኑሩት።

ሁለት ኮፒ አድርጉ። አንዱ ስቱዲዮው ውስጥ፣ ሌላው አዘዞ ያለ ዘመድ ቤት ይሁን። ከእያንዳንዱ ካሴት ጋር አንድ ወረቀት ሳጥኑ ውስጥ አስገቡ፤ ቀኑ፣ ምን እንዳለበት፣ በየትኛው ሶፍትዌርና በየትኛው ድራይቭ እንደተጻፈ። በእርሳስ ጻፉት፣ እርጥበት ቢነካው አይፈስም።