532ን በእስክሪብቶና በወረቀት እንዴት እንፈታታው?

የአንድን ቁጥር ባህርይ ማወቅ ከፈለጋችሁ ዝርዝር አትሸምድዱ። ቁጥሩን ሰባብሩትና ውስጡን እዩ። ዛሬ 532ን እንያዝ። እዚህ ወሎ፣ ከዋድላ እስከ ላሊበላ፣ ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያንን የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ የተማረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ዐቢይ ቀመር የሚባለው የ532 ዓመት ዑደት ነው።

በ2 ጀምሩ። 532 ለ2፣ 266። እንደገና ለ2፣ 133። ከዚህ በኋላ 2 አይሠራም። 3ም አይሠራም፣ 1+3+3 ሲደመር 7 ነዋ፣ 7 ደግሞ ለ3 አይካፈልም። 5ን እለፉት። 7 ግን ይሠራል፤ 19 ይወጣል፣ እሱ ደግሞ ብቸኛ ቁጥር፣ ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው፣ ስለሆነ እዚህ ላይ እናቆማለን። 532 = 2 × 2 × 7 × 19። ይህን መስመር በትልቁ ጻፉት፣ የቀረው ሁሉ የሚወጣው ከሱ ነው።

አካፋዮቹ ስንት ናቸው? አንድ በአንድ አትፈልጉ። ከ2 ምንም፣ አንድ ወይም ሁለት መውሰድ ይቻላል፤ 3 ምርጫ። 7ንም 19ንም መውሰድ ወይም መተው ነው፤ ሁለት ሁለት ምርጫ። 3 × 2 × 2 = 12። አለቀ።

አሁን 2 × 2 × 7ን አንድ ላይ አድርጉ፣ 28 ይሆናል። እኔ በጣም የምወደው ቦታ ይህ ነው። 365 ቀን ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል፣ ስለዚህ መስከረም 1 በየዓመቱ አንድ ቀን ይገፋል፣ ጳጉሜን 6 የሆነችበት ዓመት ሲያልፍ ደግሞ ሁለት ቀን፤ በ4 ዓመት በድምሩ 5 ቀን ማለት ነው። 5 በ5 እየገፋ ወደ ነበረበት ቀን የሚመለሰው ሰባቴ ሲዞር ነው። 7 × 4 = 28። በ2021 ዓ.ም. መስከረም 1 ሰኞ፣ የባቲ ገበያ ቀን ላይ ይውላል፤ 28 ደምሩ፣ በ2049ም ሰኞ ነው፣ የዓመቱም ቀኖች በሙሉ ያው ናቸው።

የቀረው 19 የጨረቃ ድርሻ ነው። 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር በጥቂት ልዩነት ይገጥማል። 28 እና 19 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም፣ ስለዚህ ሁለቱ አብረው የሚገጥሙት 28 × 19 ሲሞላ ብቻ ነው። 532 የመጣው ከዚህ ነው። የ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው፤ 532 ቀንሱ፣ በ1486ም ሚያዝያ 4 ነበር። ዒድን ግን በዚህ አትፈልጉት፣ የሂጅራ አቆጣጠር ጨረቃን ብቻ ስለሚከተል በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል።

28 ሌላም ነገር አለው። ከራሱ በቀር ያሉትን አካፋዮቹን፣ 1+2+4+7+14 ደምሩ፣ ራሱ 28 ይመጣል፤ ፍጹም ቁጥር የሚባለው ለዚህ ነው። የፍጹም ቁጥር ብዜት ደግሞ፣ ፍጹሙ ራሱ ካልሆነ፣ ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ሁልጊዜ ይበልጡታል። የ532 አካፋዮች ከራሱ በቀር ሲደመሩ 588 ናቸው።

በጠጠር አምስት ማዕዘን እየደረደራችሁ ብታሳድጉ በ19ኛው ላይ የምትደርሱት 532 ላይ ነው። ቀመሩ 19 × (3 × 19 − 1) ÷ 2 ነው፤ ቅንፉ 56፣ ግማሹ 28። እዚህም 19 እና 28 ተገናኙ!

ለልምምድ 76ን ውሰዱ፤ በባሕረ ሐሳብ ዐውደ ማኅተም የሚባለው ነው። እንደ 532 ሰብሩት፣ ከዚያ 532 ለመሆን የትኛው ቁጥር እንደጎደለው ፈልጉ።