ሞተሬ አንዴ እየተነሳች አንዴ እምቢ የምትልበትን ምክንያት አገኘሁት

ያቺ የቆየች ሞተር ሳይክሌ ጠዋት ወዲያው ትነሳለች፣ ከሰዓት ደግሞ ስታርተሩን ስጫን «ቀጭ» ብላ ዝም። ሁለት ሳምንት አስጨነቀችኝ። ሁሉም ባትሪ ቀይር አለኝ፤ ስለካው ግን 12.6 ቮልት፣ ሙሉ ነው። ሪሌው (ለስታርተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ማብሪያ) ቀጭ ካለ ቁልፉና የፍሪሲዮኑ ስዊች ይሠራሉ ማለት ነው፣ ተውኳቸው። ከዚያ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ኢንጅኑ ብረት ላይ አድርጌ ስታርተር ስጫን 3 ቮልት አሳየኝ፤ ከግማሽ ቮልት ማለፍ አልነበረበትም። ጉዱ ያለው ማሳው ላይ ነው፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ከኢንጅኑ ብረት ጋር የሚያገናኘው ገመድ ላይ! ባትሪውን ነቅዬ ቦሎኑን ስፈታው ከገመዱ ጫፍ ስር አረንጓዴ ዝገት እንደ ዱቄት ተራገፈ። ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ አጥብቄ አሰርኩት፣ ከላይ ቫዝሊን ቀባሁት። ይኸው ወር ሆነኝ፣ አንዴም አላስቸገረችኝም።