የእንግሊዝኛ ቃላትን የት እናሳጥር፣ የትስ እንተው?

በእንግሊዝኛ ስትጽፉ «አይ አም»ን «አይም»፣ «ዱ ኖት»ን «ዶንት» እያላችሁ የምታሳጥሩ ከሆነ ይቺን ያዙልኝ።

ለጓደኛ በቴሌግራም ወይም ለምትቀራረቡት ባልደረባ በኢሜይል ስትጽፉ በደንብ አሳጥሩ፤ ሁሉንም ሙሉ አድርጎ መጻፍ እንዲያውም የተቆጣ ሰው ያስመስላል። ለሥራ ማመልከቻ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍና ለአይኤልትስ (ለእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ድርሰት ግን ሙሉውን ጻፉ። ጀነራል በሚባለው የአይኤልትስ ዓይነት ግን ለጓደኛ የሚጻፍ ደብዳቤ ከመጣላችሁ ማሳጠሩ ያምርበታል።

ብዙ ሰው የሚስተው የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ነው። «አር ዩ ሬዲ?» ስትባሉ «የስ፣ አይም» ብላችሁ አታቁሙ፤ መልሱ «የስ፣ አይ አም» ነው። የሚያጥረው በንግግር ሳይጠብቅ ቶሎ የሚታለፈው ቃል ነው፤ መጨረሻ ላይ ሲመጣ ግን ድምፁ ጠንከር ይላል፣ ስለዚህ አይቆረጥም። «አይ ኖው ዌር ሂ ኢዝ» ይባላል እንጂ «ዌር ሂዝ» ተብሎ አይዘጋም። አሉታዊው ላይ ይህ ችግር የለም፦ «ኖ፣ አይም ኖት»ም «ኖ፣ አይ ዶንት»ም ትክክል ናቸው።

አንድን ነገር አጥብቃችሁ ስትክዱም ሙሉው ይሻላል። «አይ ዲድ ኖት ሳይን ኢት» ከ«ዲድንት» ይበልጥ ይከብዳል።

«ኢትስ» ላይ አፖስትሮፊ (የማሳጠሪያ ምልክቷ ’) ይግባ አይግባ ካመነታችሁ፣ በቦታው «ኢት ኢዝ» ወይም «ኢት ሃዝ» ተክታችሁ አንብቡት። ካልሄደ አፖስትሮፊዋን አውጧት።