የፒኤስኤ ምርመራ፦ ከመወሰንዎ በፊትና በኋላ

ፒኤስኤ ፕሮስቴት የተባለው የወንዶች ዕጢ የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው፤ ምርመራው መጠኑን በደም ውስጥ ይለካል። ምልክት የሌለው ወንድ ሁሉ በዚህ መንገድ ለፕሮስቴት ካንሰር ይመርመር ወይ የሚለው ክርክር ያልተቋጨው፣ ምርመራው ሕይወትም ስለሚያድን ጉዳትም ስለሚያስከትል ነው። ትልቁ የአውሮፓ ጥናት በ16 ዓመት ክትትሉ እንዳሳየው፣ አንድ ሞት ለማስቀረት 570 ያህል ወንዶች ለምርመራ ይጠራሉ፤ 18 ተጨማሪ ሰዎችም ካንሰር ይገኝባቸዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹን በሽታው ዕድሜ ልካቸውን ባላስቸገራቸው ነበር። ሕክምናው ግን ሽንት መቆጣጠር ሊያሳጣና የብልት መቆም ችግር ሊያመጣ ይችላል።

መጀመሪያ ዕድሜዎን ያስቡ። የአሜሪካው የመከላከያ ሕክምና ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር፣ ከ55 እስከ 69 ዓመት ያለ ሰው ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ይወስናል፤ ከ70 ጀምሮ ምርመራው አይመከርም። አባቱ ወይም ወንድሙ በፕሮስቴት ካንሰር የታመመበት ሰው ቀደም ብሎ ቢማከር ይሻላል፤ ጥቁር ወንዶችም እንዲሁ።

ከወሰኑ፣ ደም ከመስጠትዎ በፊት ለ48 ሰዓት ከዘር መፍሰስና ከብስክሌት ይታቀቡ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከነበረብዎ 6 ሳምንት ያህል ይጠብቁ፤ አለዚያ የፒኤስኤ ቁጥሩ ያለ ካንሰር ሊጨምር ይችላል። ፊናስቴራይድ (ለፕሮስቴት ማበጥ ወይም ለፀጉር መርገፍ የሚታዘዝ መድኃኒት) የሚወስዱ ከሆነ የግድ ይናገሩ። መድኃኒቱ ከወራት በኋላ ቁጥሩን በግማሽ ስለሚቀንሰው እውነተኛ አደጋ ሊሸፍን ይችላል።

ውጤቱ ከፍ ቢል ወዲያው ከፕሮስቴቱ የሥጋ ናሙና ለማስወሰድ አይቸኩሉ። የደም ምርመራውን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይድገሙት፤ ከናሙናው በፊትም ኤምአርአይ (የውስጥ አካልን በምስል የሚያሳይ ምርመራ) ይጠይቁ። ካንሰሩ ዝቅተኛ ስጋት ያለው ከሆነ፣ ቀዶ ሕክምና ሳይደረግ በቅርብ መከታተል እንደሚቻል ሐኪምዎን ይጠይቁ።