ክለብ ሲያሽቆለቁል የአሰልጣኙን ጥፋት ከተጫዋቾቹ ጥፋት እንዴት መለየት ይቻላል?

ማንቸስተር ዩናይትድ በተሸነፈ ምሽት ከዲኤስቲቪ ቤት የሚወጣ ደጋፊ ብዙውን ጊዜ ፍርዱን ጨርሶ ነው የሚወጣው። ግማሹ «አሰልጣኙ ይባረር» ይላል፤ ግማሹ «እነዚህ ልጆች ማሊያው አይገባቸውም» ይላል። ክርክሩ በማግስቱ ሥራ ቦታ ይቀጥላል፤ ሁለቱም ወገን ይዞት የሚመጣው ንዴቱን ስለሆነ ግን አንዱ ሌላውን ሲያሳምን አላየሁም። ክለቡን ለረጅም ዓመታት የተከታተልሁና ሽንፈቱ ከልብ የሚያመኝ ሰው ነኝ፤ ስለዚህም ጥፋተኛውን ከመሰየም በፊት ነገሩን በሥርዓት መመርመር ይገባል ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የማስቀምጠው መንገድ ለማንኛውም ክለብ የሚያገለግል ሲሆን፣ ምሳሌዎቼን በአብዛኛው ከዩናይትድ የምወስደው ከ2013 ወዲህ ያለፈበት መንገድ አሰልጣኝንም ተጫዋችንም ለመፈተን የሚበቃ ረጅም ታሪክ ስላለው ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙና ክለቡ በየዓመቱ በሊጉ ያገኘውን ነጥብ በተርታ ይጻፉ። ሰር አሌክስ ፈርጉሰን በ2013 ጡረታ ሲወጡ ዩናይትድ በ89 ነጥብ ሻምፒዮን ነበር። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት እስከ 2024/25 ድረስ እንዲህ ይነበባሉ፦ 64፣ 70፣ 66፣ 69፣ 81፣ 66፣ 66፣ 74፣ 58፣ 75፣ 60፣ 42። ዋንጫን በዚህ ስሌት ውስጥ አያስገቡ፤ ዋንጫ ያታልላል። ሉዊ ቫን ሃል በግንቦት 2016 ኤፍ ኤ ካፕን አንስተው ከሁለት ቀን በኋላ ተሰናብተዋል፤ ኤሪክ ቴን ሃግም በ2024 ይኸንኑ ዋንጫ ያነሱት ክለቡ በሊጉ 8ኛ ሆኖ በጨረሰበት ዓመት ነው። የነጥቦቹን ተርታ ረጋ ብሎ ለተመለከተ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ውድቀቱ ወጥ ቁልቁለት አይደለም፤ እየወጣ የሚሰበር ነው። በሞሪንሆ 81 ደርሶ ወደ 66 ወረደ፤ በሶልሻየር 74 ደርሶ ወደ 58 ወረደ፤ በቴን ሃግ 75 ደርሶ መጀመሪያ ወደ 60፣ ቀጥሎም ወደ 42 ወረደ። ሦስት የተለያዩ አሰልጣኞች ክለቡን ከፍ አድርገው እንደገና ከወደቀ፣ የሦስቱም ችሎታ ማነስ ነው ብሎ መደምደም ይከብዳል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ምን ተለወጠ፣ ምንስ ሳይለወጥ ቀረ የሚለው ነው። ለዚህ ከቼልሲ የተሻለ ማነጻጸሪያ አላውቅም። ቼልሲ በ2015 በጆዜ ሞሪንሆ አሰልጣኝነት የሊጉን ዋንጫ አነሳ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ግን 16ኛ ደረጃ ላይ ወርዶ አሰልጣኙን አሰናበተ። በቀጣዩ የውድድር ዘመን አንቶኒዮ ኮንቴ መጡ፤ በመስከረም በአርሰናል 3 ለ 0 ከተረቱ በኋላ በሦስት የመሃል ተከላካይ መጫወት ጀመሩ፤ 13 የሊግ ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸንፈውም በ93 ነጥብ ሻምፒዮን ሆኑ። ንጎሎ ካንቴን የመሰለ ትልቅ ግዢ መጨመሩ ባይካድም፣ የቡድኑ ምሰሶ የሆኑት ሃዛርድ፣ ኮስታ፣ ካሂልና አዝፒሊኩዌታ እነዚያው ነበሩ። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «እንግዲያው ጥፋቱ የሞሪንሆ ነበር» ይላል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ማነጻጸሪያው ያረጋገጠው ተጫዋቾቹ ችሎታ እንዳልጎደላቸው ብቻ ነው። ችሎታው ከነበራቸው በ2015 መኸር ለምን አላሳዩትም የሚለው ጥያቄ አሰልጣኙንም ተጫዋቾቹንም እኩል ይከሳል፤ የተበላሸው በመካከላቸው የነበረው መተማመን ነውና።

በዩናይትድ ያለው ሁኔታ ከዚህ የተለየ ነው። አሰልጣኞቹ ተቀያየሩ። ተጫዋቾቹም ተቀያየሩ፤ በ2013 ዋንጫውን ካነሱት መካከል በክለቡ ሳያቋርጡ የቆዩት የመጨረሻዎቹ፣ ዳቪድ ዴ ሄያና ፊል ጆንስ፣ በ2023 ወጡ። ሁለቱም ወገን ተለውጦ ውጤቱ ካልተለወጠ ዓይንን ወደ ላይ ማንሳት ግድ ነው፤ ከ2005 ጀምሮ በባለቤትነት የዘለቀው የግሌዘር ቤተሰብ ነውና። ይሁን እንጂ ይህ ግኝት በየጨዋታው የሚታየውን የአሰልጣኝና የተጫዋች ጥፋት አይሰርዝም፤ እርሱን ለመለየት ሜዳውን በቅርበት መመልከት ያስፈልጋል።

ለዚህ ነሐሴ 13 ቀን 2022 ዩናይትድ በብሬንትፎርድ 4 ለ 0 የተሸነፈበትን ጨዋታ ደግመው እንዲያዩት እመክራለሁ። አራቱም ግቦች የተቆጠሩት በመጀመሪያዎቹ 35 ደቂቃዎች ነው። የመጀመሪያው የብሬንትፎርዱ ጆሽ ዳሲልቫ ምት ከዴ ሄያ እጅ ሾልኮ የገባ ነው፤ ይህ የግብ ጠባቂው ስህተት ነው፤ ማንንም መጠየቅ አያሻም፤ እርሱም ከጨዋታው በኋላ ጥፋቱን በራሱ ላይ ወስዷል። ሁለተኛው ግብ ግን የክርክራችን እምብርት ነው። ዴ ሄያ ኳሱን በአጭሩ በፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ጠርዝ ለቆመው ኤሪክሰን ይሰጣል፤ ኤሪክሰን ጀርባውን ለተጋጣሚ ሰጥቷል፤ የብሬንትፎርዱ አማካይ የንሰን ከኋላው ደርሶ ይነጥቀዋል፤ ግብም ያስቆጥራል። ኳስን ከኋላ በአጭር ቅብብል መመሥረት የአሰልጣኙ ትእዛዝ ነው፤ ሰው የተለጠፈበትን ጓደኛ መርጦ ማቀበል ደግሞ የተጫዋቹ ውሳኔ ነው። ታዲያ የማን ጥፋት ነው?

መልሱን የሚሰጠው ቀጥሎ የተደረገው ነገር ነው። ቴን ሃግ በማግስቱ ተጫዋቾቹን 13.8 ኪሎ ሜትር አስሮጡ፤ ብሬንትፎርዶች ከእነርሱ በልጠው የሮጡት ርቀት ነበር፤ አሰልጣኙ ራሳቸውም አብረው ሮጡ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ከሊቨርፑል ጋር ሲጫወቱ ሮናልዶና ማጓየር ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ዴ ሄያም በአጭሩ ከመጀመር ይልቅ ኳሱን አርቆ መላክ አዘወተረ፤ ዩናይትድም 2 ለ 1 አሸነፈ። ስለዚህ መመዘኛው ይህ ነው፦ ትእዛዙ ሲቀየር የሚጠፋ ስህተት የአሰልጣኙ ነበር፤ አንድ ተጫዋች ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሌላው ሲገባ የሚጠፋ ስህተት የተጫዋቹ ነበር። የሩጫው ጉድለት ግን፣ በእኔ ፍርድ፣ የተጫዋቾቹ ነው፤ ለመሮጥ የአሰልጣኝን ታክቲክ መጠበቅ አያስፈልግምና።

ጨዋታ በቀጥታ ሲመለከቱ ኳሱን ትተው ኳስ ከተነጠቀ በኋላ ያሉትን አሥር ሰከንዶች ይከታተሉ። የመስመር አጥቂው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሞ፣ ከኋላው ያለው ተከላካይ ብቻውን ሁለት ሰው ሲገጥም ካዩ፣ ያ የተጫዋቹ ነው። ሁሉም እየሮጡ ሳለ በአማካዮቹና በተከላካዮቹ መካከል ባዶ ሜዳ ተከፍቶ ተጋጣሚ ያለ ከልካይ ሲያልፍ ካዩ፣ ያም በየሳምንቱ ከተደጋገመ፣ የአሰልጣኙ ነው። በ2023/24 ዩናይትድን ሲያደማ የከረመው ይህ ሁለተኛው ነበር፤ አጥቂዎቹ ወደ ፊት ወጥተው ይጫናሉ፣ ተከላካዮቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ፣ መሃሉ ባዶ ይሆናል። በዚያው ዓመት ሉክ ሾውና ሊሳንድሮ ማርቲኔዝ አብዛኛውን ጊዜ በጉዳት መክረማቸውንም ከሚዛኑ ላይ መቀነስ ይገባል።

ሌላው ማስረጃ ከክለቡ የወጡት ሰዎች ናቸው። ስኮት ማክቶሚናይ በነሐሴ 2024 ወደ ናፖሊ ሄዶ በመጀመሪያ ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ፤ የጣሊያኑ ሊግ የሴሪ አ ምርጥ ተጫዋች ተብሎም ተመረጠ። ሮሜሉ ሉካኩ በኢንተር ሚላን የ2021ን የጣሊያን ሊግ ዋንጫ አነሳ። አሰልጣኞቹም እንዲሁ ናቸው፤ ዴቪድ ሞዬስ በዩናይትድ አሥር ወር ቆይተው ተባረሩ፤ በ2023 ግን ዌስትሃምን ለኮንፈረንስ ሊግ ዋንጫ አበቁ። የወጣው ተጫዋች ብቻ ቢያብብ አሰልጣኙን፣ የወጣው አሰልጣኝ ብቻ ቢያብብ ተጫዋቾቹን መጠርጠር ይቻል ነበር። ሁለቱም ከወጡ በኋላ ሲቀናቸው ጥርጣሬው የሚያርፈው በቤቱ ላይ ነው።

አዲስ አሰልጣኝ በመጣ ሰሞን የሚታየውን መነቃቃት ግን እንደ ማስረጃ አይቁጠሩት። ሶልሻየር በታኅሣሥ 2018 በጊዜያዊነት መጥተው የመጀመሪያዎቹን ስምንት ጨዋታዎች ሁሉ አሸነፉ፤ ዘመኑን ግን ክለቡ በ6ኛ ደረጃ ጨረሰ። ክሬግ ሼክስፒርም ራኒየሪ ከሌስተር ከተሰናበቱ በኋላ የመጀመሪያ አምስት የሊግ ጨዋታዎቻቸውን አሸንፈው በዚያው ዓመት በጥቅምት ራሳቸው ተባረሩ። ቢያንስ ሁለት የዝውውር መስኮት፣ ማለትም ተጫዋች የሚገዛበትና የሚሸጥበት ወቅት፣ እስኪያልፍ መታገሥ ያስፈልጋል። አርሰናል በ2021/22 የመጀመሪያ ሦስት ጨዋታዎቹን ያለ አንዲት ግብ ሲሸነፍ አሰልጣኙ አርቴታ ይውጣ ያለው ደጋፊ ብዙ ነበር፤ ክለቡ ታገሠና ከሁለት ዓመት በኋላ በ84 ነጥብ 2ኛ ሆነ።

በመጨረሻ ግዢውን ማን እንደ ፈቀደ ይጠይቁ። ሞሪንሆ በ2018 ክረምት የመሃል ተከላካይ ፈልገው አልተገዛላቸውም፤ በቀጣዩ ክረምት፣ እርሳቸው ከሄዱ በኋላ፣ ክለቡ ለማጓየር 80 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈለ። በአንጻሩ አንቶኒ በ2022 በ95 ሚሊዮን ዩሮ ሲመጣ በአያክስ ያሠለጠኑት ቴን ሃግ ራሳቸው ስለነበሩ፣ የዚያ ግዢ ዕዳ በአስተዳደሩ ላይ ብቻ አይጫንም።

በዚህ መንገድ የ2024/25ን ዘመን ስመዝነው፣ ትልቁን ድርሻ ለአስተዳደሩ እሰጣለሁ። የቴን ሃግን ውል በሐምሌ አራዝመው በጥቅምት ያሰናበቱት፣ ከዚያም በውድድሩ መሃል፣ ቡድኑ ላልተገነባበት 3-4-3 (ሦስት ተከላካይ፣ አራት አማካይ፣ ሦስት አጥቂ) አሰላለፍ ሩበን አሞሪምን ያመጡት እነርሱ ናቸው። ቴን ሃግ በዘጠኝ ጨዋታ 11 ነጥብ ብቻ መሰብሰባቸው የራሳቸው ነው። አሞሪም በ27 የሊግ ጨዋታዎች 27 ነጥብ ሲያገኙ አሰላለፉን አልቀይርም ማለታቸው ደግሞ የእርሳቸው ውሳኔ ነበር፤ ያን ውሳኔ ማንም አላስገደዳቸውም። ለተጫዋቾቹ የምሰጠው ድርሻ ትንሹን ነው፤ ከእነርሱም ውስጥ ኳስ ሲነጠቅ ቆመው የሚያዩትን እንጂ እየሮጡ የተሸነፉትን አልቆጥርም።